ስሕተትን ስለ ማረምና ወደ ፊት ስለ መሄድ

ሰው ሆኖ የማይሳሳት እንደ ሌለ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ከተሳሳተ በኋላ ስሕተቱን ምን እንደሚያደርገው የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። አንዱ አላደረግሁም ብሎ ይክደዋል፤ ሌላው በባልንጀራው ላይ ያላክከዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ንስሐ ገባሁ እያለ እንደ እንጨት ሸክም በጀርባው አዝሎት ዕድሜውን ይጨርሳል። እኔ በየተራው ሦስቱንም ሆኜ አይቻለሁ። ስለዚህ በራሴ የደረሰውን ብጽፍ፥ ከአንባቢዎች መካከል እንደኔ የከበደው ሰው ቢኖር መንገድ ያሳየው ይሆናል ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

ሥራዬ የፍርድ ቤት ጽሕፈት ነው፤ ዕድሜዬም አርባን አልፏል። በልጅነቴ በቄስ ትምህርት ቤት ከፊደል ጀምሬ እስከ ዳዊት ተማርሁ። ከዚያም በኋላ አባቴ የዘመኑ ትምህርት እንዳይቀርብኝ ብሎ በሚስዮን ትምህርት ቤት አስገባኝ። ከሁለቱም ቤት ያገኘሁት ብዙ ነው፤ ዛሬ የማነሣው ግን ስለ ስሕተት አስተራረም ያየሁትን ብቻ ነው።

በቄስ ትምህርት ቤት ሳለሁ ከመምህራችን ቤት አጠገብ አንድ ሽማግሌ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ብራናቸውን ራሳቸው ይዳምጣሉ፤ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም ራሳቸው ይበጠብጣሉ። አንድ ቀን ከተቀመጡበት ቆሜ ስመለከት አንድ ቃል ተሳሳቱ። ቀለሙ እስኪደርቅ ቆይተው በስለት ቀስ እያሉ ፋቁትና በዚያው ላይ ትክክለኛውን ቃል ጻፉ። የተፋቀው ስፍራ ግን ሻክሮ ቀረ። እኔም በልጅነት አእምሮ «የኔታ፥ ቅጠሉን ጥለው ሌላ ለምን አይጀምሩም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም «ልጄ፥ ይህ ብራና የፍየል ነፍስ ወጥቶበታል፤ ስለ አንድ ቃል አይጣልም» አሉኝ።

በሚስዮን ትምህርት ቤት ደግሞ በእርሳስ እንጽፍ ነበርና የተሳሳትነውን በላጲስ እናጠፋው ነበር። እጅግ ቀላል ነበረ። ቢሆንም አጥብቀን ያሸን እንደ ሆነ ወረቀቱ ይቀደዳል፤ ቀስ ብለን ያሸን እንደ ሆነ የፊደሉ ጥላ ይቀራል።

ወደ ፍርድ ቤት በገባሁ ጊዜ ሦስተኛ ሥርዓት አገኘሁ። በመዝገብ ላይ መፋቅም በላጲስ ማጥፋትም አይፈቀድም፤ ቅጠል መገንጠልማ ወንጀል ነው። የተሳሳተው ቃል እንደሚነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ይሰረዛል፤ ትክክለኛው ከበላዩ ይጻፋል፤ የጻፈውም ሰው ከጎኑ ይፈርማል፤ ከዚህ በኋላ ጽሕፈቱ ይቀጥላል። ይህን ሥርዓት ያሳዩኝ በአንድ ቀን ነው፤ ምሥጢሩን ለመረዳት ግን ዘጠኝ ዓመት ፈጀብኝ። እንዴት እንደ ሆነ እነሆ እነግራችኋለሁ።

በ2006 ዓ.ም. በአንድ ወረዳ ፍርድ ቤት የመዝገብ ጸሐፊ ነበርሁ። ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት «የባሌ ወንድም አራት ጥማድ የእርሻ ይዞታዬን ወሰደብኝ» ብለው ክስ አቅርበው ነበር። ዳኛው ነገሩን ለመስማት ለኅዳር 7 ቀን ቀጠሩ። እኔም በመዝገቡ ላይ 7 ብዬ ጻፍሁ፤ ለእርሳቸው በሰጠኋቸው ቁራጭ ወረቀት ላይ ግን 17 ብዬ ጻፍሁ። ያን ቀን ባለጉዳይ በዝቶ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ይህ ነው። ነገር ግን ብዕሩ የነበረው በባለጉዳዮቹ እጅ ሳይሆን በኔ እጅ ነው። እርሳቸው ማንበብ አያውቁምና ወረቀቱን በመቀነታቸው ቋጥረው ሄዱ፤ የአጥቢያቸው ዲያቆንም እንደ ተጻፈው 17 ብሎ አነበበላቸው።

ኅዳር 7 ቀን ተከሳሹ ቀረበ፤ ከሳሿ ቀሩ። መዝገቡም እንደ ሕጉ ተዘጋ። ኅዳር 17 ቀን ጧት እኒያ እናት መጡ። ዋዜማውን ሙሉ ሲጓዙ ውለው በቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም አድረው ነበር። «ጌታዬ፥ ቀጠሮዬ ዛሬ ነው» ብለው ወረቀቱን ሰጡኝ። ቁጥሩን ባየሁ ጊዜ ክው አልሁ።

ሥራውን ለምታውቁ አንባቢዎች የሚቀጥለውን መናገር አያስፈልግም፤ ለማታውቁት ግን እገልጻለሁ። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት፥ ከሳሽ በመቅረቱ ክሱ የተዘጋበት እንደ ሆነ በዚያው ነገር እንደ ገና አዲስ ክስ ማቅረብ አይችልም። ሆኖም የቀረው በበቂ ምክንያት መሆኑን በአንድ ወር ውስጥ አስረድቶ መዝገቡ እንዲከፈትለት ሊያመለክት ይችላል። እርሳቸው የመጡት በአሥረኛው ቀን ነው። ምክንያታቸውም በእጄ ነበረ። ወደ ዳኛው ገብቼ «ስሕተቱ የኔ ነው» የሚል አንድ ቃል ብናገር ነገሩ ባለቀ ነበር።

አልተናገርሁም። በዚያ ወራት የጽሕፈት ክፍል ኃላፊ ልሆን ስሜ ተነሥቶ ነበርና ፈራሁ። «እናቴ፥ ቀጠሮዎ አልፏል፤ መዝገቡም ተዘግቷል» አልኋቸው። ወረቀቱንም ኪሴ ከተትሁት እንጂ አልመለስሁላቸውም። ጥቂት ቆሙና «እሺ ጌታዬ፤ የቀኑን ነገር እኔ ምን አውቃለሁ፤ የምታውቁት እናንተ ናችሁ» ብለው ወጡ። ወሩ እስኪያልፍ ድረስ በየቀኑ እናገራለሁ እያልሁ በየቀኑ ዝም አልሁ። ወሩም አለፈ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የተመኘሁትን ኃላፊነት ተቀበልሁ።

ያን ወረቀት ልጥለው አልቻልሁም፤ ላቃጥለውም አልደፈርሁም። በዳዊቴ መካከል አኖርሁት። ዳዊት በደገምሁ ቁጥር አየዋለሁ። በዓመቱ ለነፍስ አባቴ ቀርቤ «ቀን ተሳስቼ ብጽፍ አንዲት ድኻ ተጎዳች» ብዬ ተናዘዝሁ። እርሳቸውም በሰሙት መጠን ጾምና ስግደት ሰጡኝ፤ እኔም ፈጸምሁ። ስለ ዝምታዬ ግን አልነገርኋቸውም። በየዓመቱ በስቅለት ቀን ሕዝቡ ሲሰግድ ውሎ፥ ካህናቱ በወይራ ቅጠል ጀርባውን እየጠበጠቡ ሲያሰናብቱት፥ ሰው ሁሉ ቀሎት ወደ ቤቱ ይገባል። እኔ ግን ከሰው አብልጬ ሰግጄ ያንኑ ይዤ እመለስ ነበር። ይህንንም ትሕትና መሰለኝ። ራሱን ይቅር የማይል ሰው ከሌላው ይልቅ እግዚአብሔርን የሚፈራ ይመስለኝ ነበርና።

በመሥሪያ ቤት ቀጠሮ ሁሉ ሦስት ጊዜ ካልተመለከትሁ አላወጣም ነበር፤ ይህስ መልካም ነው። በቤቴ ግን ሌላ ሰው ሆንሁ። ሠራተኛይቱ ሲኒ ብትሰብር፥ ባለቤቴ አንድ ነገር ብትረሳ፥ ልጆቼ ሲያነብቡ አንድ ቃል ቢዘሉ፥ ፊቴ ይለወጥ ነበር። በአፌ ብዙ አልናገርም፤ ቤቱ ግን ገና ከበር ስገባ ጸጥ ይል ነበር። እኔም ጸጥታውን እንደ መከበር እቈጥረው ነበር።

በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር አንድ ማታ የታናሹን ልጄን ደብተር ብይዘው ሳስቶ አገኘሁት። ይህ ልጅ የተወለደው ያ ነገር በሆነበት ዓመት ነው። ቅጠሎቹን ብገልጣቸው በመካከላቸው የተገነጠሉት ጉርድ ብዙ ነው። «ቅጠሎቹ የት ገቡ?» ብዬ ብጠይቀው ዝም ብሎ መሬት መሬት ያይ ጀመር። ባለቤቴ ከምድጃው አጠገብ ሆና «ሲሳሳት ገንጥሎ እሳት ውስጥ ይጥለዋል» አለች። «ለምን?» አልሁ። «አንተ እንዳታይበት ነዋ» አለችኝ።

ልጆቹ ከተኙ በኋላ ባለቤቴ እንደ ገና ነገሩን አነሣች። «በዳዊትህ ውስጥ ያለው ወረቀት ምን እንደ ሆነ አላውቅም፤ ጠይቄህም አላውቅም። ነገር ግን ዳዊትህን ዘግተህ በተነሣህ ቁጥር የምትቈጣው እኛን ነው። ያንተ ዕዳ ከሆነ ስለ ምን ልጁ ይከፍለዋል?» አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት የተሸሸገውን ነገር ያን ሌሊት ሁሉንም ነገርኋት። አልተቈጣችም፤ አላጽናናችኝምም። «ሴትዮዋ በሕይወት አሉ?» ብቻ አለች። እኔም አላውቅም ነበርና አፈርሁ። ስለ ራሴ ኃጢአት ዘጠኝ ዓመት ሳስብ፥ እኒያ እናት ይኑሩ ይሙቱ አንድ ቀን አልጠየቅሁም።

በማግሥቱ ወደ ነፍስ አባቴ ሄጄ ያስቀረሁትን ጨምሬ ተናዘዝሁ። እርሳቸውም ብዙ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «ልጄ፥ እስከ ዛሬ ያለቀስኸው ለእርሷ ነው ወይስ ለራስህ?» አሉኝ። መልስ ባጣሁ ጊዜ እንዲህ ብለው አስተማሩኝ። «ጴጥሮስም ይሁዳም በአንዲት ሌሊት ጌታቸውን በደሉ። ይሁዳም ተጸጽቷል፤ ሠላሳውን ብር እንኳ መልሷል። በገንዘብ አመላለስ ቢሆን ከጴጥሮስ ይልቅ እርሱ ፈጽሟል። ነገር ግን ጸጸቱን ይዞ ብቻውን ሄደ። ጴጥሮስ አልቅሶ ሲያበቃ ወደ ወንድሞቹ ተመለሰ፤ ከእነርሱም ጋር ሆኖ ጌታው በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ሲጠራው ተገኘ። ሦስት ጊዜ ለካደው ሦስት ጊዜ ትወደኛለህን ተብሎ ተጠየቀ፤ በየጥያቄውም መጨረሻ ሥራ ተሰጠው እንጂ ለምን ካድኸኝ አልተባለም። አንተ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የካድህበትን ሌሊት ስትቈጥር ኖርህ፤ በባሕሩ ዳር የሚጠራህን ግን አልሰማህም። ቀኖናህ ይህ ነው፤ ሂድና ሴትዮዋን ፈልግ።»

በየካቲት ወር ፈልጌ አገኘኋቸው። ከደጃቸው ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። አላወቁኝም። ባለሥልጣን መስያቸው ተነሥተው «ጌታዬ፥ ከወዴት መጡ? ይግቡ» አሉኝ። እኔም ሳልገባ ወረቀቱን አውጥቼ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኋቸው። እንዝርታቸውን አስቀምጠው አዳመጡኝ። በጨረስሁ ጊዜ አነጋገራቸው ተለወጠ።

«ይቅር እንድልህ ነው የመጣህ?» አሉኝ።

«አዎን እናቴ» አልሁ።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ። እኔ ግን ዛሬ አልችልም። ልጄ የሚያርሰው መሬት አጥቶ ለቀን ሥራ ወደ ከተማ ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነው። እርሱን ማን ይመልስልኛል?»

የምመልሰው ቃል አልነበረኝም። ወረቀቱን ብሰጣቸው አልተቀበሉኝም። «እኔ አላነብበው፤ ምን ያደርግልኛል? አንተ ግን የምትጽፍ ሰው ነህ፤ እንግዲያው ጻፍ» አሉኝ። «ምን ልጻፍ?» ብላቸው «እውነቱን ነዋ!» አሉኝ።

ከዚያው ከደጃቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጻፍሁ። በመዝገቡ 7፥ በወረቀቱ 17 ብዬ የጻፍሁ እኔ መሆኔን፥ ኅዳር 17 ቀን መምጣታቸውን፥ እያወቅሁ ዝም ማለቴን ገልጬ ፈረምሁበት። አንዱን ለእርሳቸው ሰጠሁ፤ ሁለተኛውን ለፍርድ ቤቱ አለቃ አቀረብሁ። ነገሩ ተመርምሮ የአንድ ወር ደመወዜን ተቀጣሁ፤ ከኃላፊነቴም ተነሥቼ ወደ ቀድሞው የጸሐፊነት ጠረጴዛዬ ተመለስሁ። ቅጣቱ ተገቢ ነበር፤ እንዲያውም ዘግይቷል።

የሕጉ በር ከተዘጋ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበርና በአገሩ ሽማግሎች ተይዞ ነገሩ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ከዋርካው ሥር ታየ። ጽሑፌም በጉባኤው ፊት ተነበበ። የባላቸው ወንድም መጀመሪያ ተቈጣ፤ በሦስተኛው ጉባኤ ግን ከአራቱ ጥማድ ሁለቱን ሊመልስ ታረቀ። ሁለቱ ቀሩ። ልጃቸውም እስከ ዛሬ ከከተማ አልተመለሰም። ይህን የምጽፈው ንስሐ የጠፋውን ሁሉ ይመልሳል ብዬ አንባቢን እንዳላታልል ነው። የማይመለስ ነገር አለ። በዚያ ቀን ግን ጉባኤው ሲበተን እኒያ እናት በመንገድ ላይ ደርሰውብኝ «ና፥ ገብተህ ጠላ ቅመስ» አሉኝ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ገብቼ ጠጣሁ።

ከዚህ በኋላ በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የተማርሁት አንድ ትምህርት ትዝ አለኝ። መምህራችን የሐዋርያው የጳውሎስን መልእክት ወደ ፊልጵስዩስ ሰዎች በሚያስተምሩን ጊዜ፥ በሦስተኛው ምዕራፍ ሐዋርያው በኋላው ያለውን እየረሳ በፊቱ ወዳለው እንደሚዘረጋ የተናገረውን በቃላችን ያስጠኑን ነበር። እኔም ብዙ ዘመን ይህን መርሳት ከአሳብ ማውጣት መስሎኝ፥ መርሳት ስላልቻልሁ ከቃሉ ውጭ የሆንሁ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን መጽሐፉን ገልጬ በማስተዋል ባነብበው ሌላ ነገር አገኘሁ። ይህ እረሳለሁ ያለው ሐዋርያ የበደለውን አንድ ቀን እንኳ አልሸሸገም። ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያው መልእክት ቤተ ክርስቲያንን ስላሳደደ ከሐዋርያት ሁሉ ያነሰ መሆኑን ገልጧል። በኢየሩሳሌምም በሕዝብ ፊት ቆሞ፥ እስጢፋኖስ በድንጋይ ሲወገር የወጋሪዎቹን ልብስ ይጠብቅ እንደ ነበረ በአደባባይ ተናግሯል።

ይህ ነገር ልቤን ነካው። ጳውሎስ በዚያ ቀን ድንጋይ ወረወረ አልተባለም፤ ልብስ ጠበቀ እንጂ። የኛ የጸሐፊዎች በደልም ብዙ ጊዜ እንደዚሁ ነው። ድንጋዩን አንወረውርም፤ ልብሱን እንጠብቃለን። እንግዲህ ሐዋርያው እረሳለሁ ያለው ኃጢአቱን አላየሁም ለማለት አይደለም። ያለፈው ነገር እግሩን እንዳያስረው፥ የሚሄድበትንም መንገድ እንዳይመርጥለት ለማለት ነው። በደሉን በአንድ መስመር ሰረዘው፤ መስመሩ ግን ፊደሉን አልሸፈነውም። ከበላዩ አዲሱን ሥራ ጻፈ፤ በራሱም ስም ፈረመ። ከዚያም ቀጠለ። የመዝገቡን ሥርዓት ምሥጢር ያገኘሁት በዚህ ነው።

የሰው ሕግ እንኳ ይህን መንገድ ያውቀዋል። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፥ በእርሱም እግር በተተካው በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ፥ አንድ ጥፋተኛ ቅጣቱን ከፈጸመ በኋላ የተወሰነው ዘመን ሲያልፍ፥ ጠባዩም ያማረ ሲሆን፥ የበደለውንም በተቻለው መጠን ከካሠ፥ ወደ ቀድሞ መብቱ እንዲመለስ ለመጠየቅ ይችላል። ዳኞች የፈቀዱለትም እንደ ሆነ የቀድሞው ፍርድ ለወደ ፊቱ እንዳልነበረ ይቈጠራል። ክፉ አስቦ በዚያ በቀድሞው ጥፋት የሚሰድበው ሰው ቢገኝ፥ ያልሁት እውነት ነው ብሎ ማምለጥ አይችልም፤ በስም ማጥፋት ይጠየቃል። ልብ በሉ፤ ሕጉ ካሣውንና መልካም ጠባዩን ሳያይ አይምርም፤ ከማረ በኋላ ግን ነቀፋን ይከለክላል። የምድር ዳኛ ይህን ካደረገ፥ የሰማዩ ዳኛ የማረውን ሰው እኛ በቤታችን፥ ይልቁንም በገዛ ልባችን ውስጥ በየማታው ለምን እንደ ገና እንከስሰዋለን?

ይህን የምለው በደልን ለማቃለል አይደለም። ሁለት ዓይነት ወደ ኋላ መመልከት አለ። አንዱ የወደቀውን ዕቃ ለማንሣት ዞር እንደሚል መንገደኛ ነው፤ አንሥቶ መንገዱን ይቀጥላል። ሁለተኛው እንደ ሎጥ ሚስት ነው፤ ባለበት ይደርቃል። የበደልኸው ሰው በሕይወት ካለ፥ ሄደህ ንገረው። የሚካስ ነገር ካለ ካስ። የማይመለሰውን ለእግዚአብሔር ተውለት። ከዚህ በኋላ ግን በዚያ ስፍራ አትቀመጥ፤ ዛሬ በደጅህ የቆመው ባለጉዳይ፥ ዛሬ በማዕድህ የተቀመጠው ልጅ ያንተን ፊት ይጠብቃልና።

በሥልጣን ላይ ላላችሁ አንባቢዎቼም አንድ ነገር እጨምራለሁ። ከበታቻችሁ ያለው ሠራተኛ ስሕተቱን ሊነግራችሁ በመጣ ጊዜ ፊታችሁ እንዴት እንደሚሆን መርምሩ። እኔ በዚያ ኅዳር ዝም ያልሁት በገዛ ፍርሃቴ ነው፤ በማንም አላሳብብም። ነገር ግን እኔ ራሴ አለቃ በሆንሁ ጊዜ ስንት ጸሐፊ እኔን ፈርቶ ወረቀት በኪሱ እንደ ከተተ እግዚአብሔር ያውቃል። ቅጣት አስፈላጊ ነው፤ እውነትን ይዞ ለሚመጣ ሰው ግን በሩ የተከፈተ ይሁን።

የልጄን ነገር ሳልጨርስ አልቀርም። ከሽማግሎቹ ጉባኤ በተመለስሁ ሰሞን አጠገቤ አስቀምጬ ስለ ቅዱስ ያሬድ ነገርሁት። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረው ይህ ሊቅ በልጅነቱ ትምህርት አልገባ ብሎት፥ መምህሩም አጎቱ አባ ጌዴዎን ቢቀጡት ሸሽቶ እንደ ሄደ፥ ከዛፍ ሥር ተቀምጦም አንዲት ትል ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ስትወጣ እንዳየ ሲተረክ ሁላችንም ሰምተናል። ልጄም ያውቀው ነበር። «ከዚያ በኋላስ ወዴት ሄደ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ድጓን ደረሰ» አለኝ። «ከዚያ በፊት» አልሁት፤ አላወቀም። «ወደ ሸሻቸው ወደ አጎቱ ተመለሰና ይቅርታ ጠየቀ፤ እርሳቸውም ተቀብለው አስተማሩት። ትሏን አይቶ ብቻ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ፥ ዛፍ ሥር እንደ ተቀመጠ በቀረ ነበር» አልሁት።

ከዚያም የፍርድ ቤቱን ሥርዓት አሳየሁት። የተሳሳተውን ቃል በአንድ መስመር መሰረዝን፥ ከበላዩ ትክክለኛውን መጻፍን፥ ከጎኑም ስሙን ማኖርን አስተማርሁት። እጅግ ደስ አለውና በዚያው ማታ ሳይሳሳት ሁለት ቃል ሰርዞ ፈረመባቸው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ደብተሩን ይዞ ራሱ መጣ። በአንድ ገጽ ላይ አራት የተሰረዙ ቃላት ነበሩበት፤ በእያንዳንዱም ጎን ስሙ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። እኔም ፊቴ ምን እንደ መሰለ አላውቅም፤ ባለቤቴ ግን ከወዲያ ሆና ትመለከተኝ ነበር። ልጁ አልሸሸም። «አባዬ፥ ገጹ ገና አልሞላም» አለኝና ከእጄ ተቀብሎ ካቆመበት መስመር ጀምሮ መጻፉን ቀጠለ።